የጥንት ኮሪያን ነገሥታት ታሪክ ለምታነቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የእኔ ትውልድ ስለ ኮሪያ የሰማው በቃኘው ሻለቃ ዘማቾች አንደበት ነበር፤ እናንተ ደግሞ በዘውድና በሰይፍ በተሞሉ ተከታታይ ድራማዎች አውቃችኋታል። ሠላሳ ዓመት ያህል ታሪክ ካስተማርኩ በኋላ ጡረታ ብወጣም፣ ቤቴ የምትመጡ ወጣቶች «ከሦስቱ መንግሥታት እውነት ከማን ጋር ነበረች?» እያላችሁ መጠየቃችሁን አላቋረጣችሁም። ጉጉታችሁ ደስ ያሰኘኛል። ሆኖም ይህን ጥያቄ ለጊዜው አቆዩትና፣ እያንዳንዱ ገዥ ውሳኔውን በወሰነበት ዕለት ምን ያውቅ እንደነበረ፣ ምን ይፈራ እንደነበረና በማን ላይ ቂም እንደያዘ መርምሩ ብዬ እመክራችኋለሁ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ተማሪዎቼን የነገሥታት ስምና ዘመን ብቻ አስጠንቻቸዋለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በሰሜን እስከ ማንቹሪያ የተዘረጋው ጎጉርዮ፣ በደቡብ ምዕራብ ቤክጄ፣ በደቡብ ምሥራቅ ሺላ ለዘመናት አጥብቀው የተፋለሙት ዛሬ ሴኡል ለቆመችበት ለሃን ወንዝ ሸለቆ ነው። ሸለቆው ለም ከመሆኑም በላይ በቢጫ ባሕር በኩል ወደ ቻይና የሚያስወጣ በር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ475 የጎጉርዮው ንጉሥ ጃንግሱ የቤክጄን ዋና ከተማ ይዞ ንጉሧን ገደለ። ቤክጄና ሺላ ኃይላቸውን አስተባብረው በ551 ሸለቆውን ቢያስመልሱም፣ ሁለት ዓመት ሳይቆይ የሺላው ንጉሥ ጂንሁንግ የአጋሩን ድርሻ ጭምር ለራሱ አደረገ። ክህደቱን ሊበቀል የተነሣው የቤክጄው ንጉሥ ሶንግም በ554 በጦርነት ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ጎረቤታሞች ጠብ የመሬት ብቻ ሳይሆን የደምም ጠብ ሆነ።

አብዝታችሁ እንድታስቡበት የምሻው ግን የ642ን ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የቤክጄው ንጉሥ ኡይጃ ጦር ዴያ የተባለውን የሺላ ምሽግ ያዘና የምሽጉ አዛዥና ሚስቱ ሕይወታቸውን አጡ። ሴቲቱ የሺላው መስፍን የኪም ቹንቹ ልጅ ነበረች። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው፣ አባት መርዶውን በሰማበት ቀን ከምሰሶ ተደግፎ ዓይኑን ሳያርገበግብ ቆሞ ዋለ፤ በፊቱ ሰው ሲያልፍ እንኳ አላስተዋለም። ከዚያም ቤክጄን ለማጥፋት ቆርጦ ተነሣ፤ በመጀመሪያ የሄደውም ወደ ቻይና ሳይሆን ወደ ሰሜኑ ጎረቤቱ ወደ ጎጉርዮ ነበር።

ጎጉርዮ ላይ በዚያው ዓመት ዮን ጌሶሙን የተባለ የጦር አለቃ ንጉሡን ገድሎ፣ ሌላ ንጉሥ አንግሦ፣ ሥልጣኑን ሁሉ በእጁ አስገብቶ ነበር። በደም የተያዘ ሥልጣን ገና ሳይጸና ለሺላ መራራት ድክመት ያስመስልበት ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም ርዳታ ለሚለምነው እንግዳ የተሰጠው መልስ፣ ሺላ የያዘችውን የሰሜን መሬት በቅድሚያ እንድትመልስ ነበር። ኪም ቹንቹ እሺ ባለማለቱ ታሰረ። አንድ የጎጉርዮ ባለሥልጣን ግን ጉበቷን ሊወስዱባት ወደ ባሕር ያወረዷት ጥንቸል «ጉበቴን ድንጋይ ላይ አስጥቼ መጥቻለሁ» ብላ እንዴት እንዳመለጠች አጫወተው። እስረኛው ምሥጢሩ ስለገባው መሬቱን አስመልሳለሁ ብሎ ጽፎ ተለቀቀ፤ ድንበር ሲደርስም ቃሉን ሻረ።

ያን ጊዜ ቻይናን ይገዛ ወደነበረው ወደ ታንግ ሥርወ መንግሥት ቤተ መንግሥት የሄደው ከዚህ በኋላ፣ በ648 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ታይዞንግም ከሦስት ዓመት በፊት ጎጉርዮን ወርሮ ሳይሳካለት የተመለሰ ሰው ስለነበር የራሱ ምክንያት ነበረው። በ660 የታንግ ጦር በባሕር፣ የሺላው ጦር አዛዥ ኪም ዩሺን ደግሞ በየብስ 50,000 ሰው ይዞ ቤክጄ ገቡ፤ የቤክጄው ጄኔራል ግዬቤክ በ5,000 ወታደር ተዋግቶ ወደቀ፤ ኡይጃም ተማርኮ ወደ ቻይና ተወሰደ። ጎጉርዮም ዮን ጌሶሙን ከሞተ በኋላ ልጆቹ ተጣልተው የበኩሩ ለታንግ ስላደረ በ668 ፈረሰች። ታንግ ግን ድል ባደረገበት አገር የራሱን ሹማምንት አስቀመጠ፤ ሺላንም እንደ ግዛቱ ቆጠራት። ሙዮል ተብሎ የነገሠው ኪም ቹንቹ በ661 ሞቶ ስለነበር፣ የትናንቱን አጋር በ676 ከባሕረ ገብ መሬቱ ያስወጣው ልጁ ሙንሙ ነው፤ የሰሜኑ የጎጉርዮ ሰፊ ምድር ግን ለሺላ አልተመለሰም። ባዕድ ኃይል በመጋበዙ ኪም ቹንቹን አጥብቀው የሚወቅሱ አሉ፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። እኔም ነጻ አላወጣውም፤ ሆኖም ከምሰሶው ሥር የቆመውን አባትና በጎረቤት ደጅ የታሰረውን መልእክተኛ ሳታስቡ እንዳትፈርዱበት አደራ እላችኋለሁ።

ይህን ሁሉ የሚነግረን ዋነኛው ዜና መዋዕል ሳምጉክ ሳጊ መሆኑንም አትርሱ። የተጠናቀቀው በ1145፣ ማለትም ቤክጄ ከወደቀች ከ480 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ አዘጋጁ ኪም ቡሺክም ከሺላ ነገሥታት ዘር የሚወለድ ሰው ነበር። ኡይጃ በመጠጥና በተድላ አገሩን ያጠፋ ንጉሥ ተብሎ ሲነገራችሁ፣ ነገሩ ያለፈበትን እጅ አስቡ። ድንጋይም ቢሆን የሚናገርለት ጌታ አለው፤ ጃንግሱ በ414 ለአባቱ ለግዋንጌቶ ያቆመው፣ ከ6 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሐውልት የአባትን ድል ለማወደስ የተቀረጸ ነው።

ቤክጄ ስለ ራሷ የተናገረችውን መስማት ከፈለጋችሁ ግን በ1971 ጎንግጁ ላይ፣ ለሌሎች መቃብሮች የውኃ መውረጃ ሲቆፈር የተገኘውን የንጉሥ ሙርዮንግን መቃብር አጥኑ። ሌባም ድል አድራጊም አልነካውም። በውስጡ የተገኘው ድንጋይ ንጉሡ በ523፣ በ62 ዓመቱ ማረፉን ይናገራል፤ የመቃብሩም ቦታ ከምድር አማልክት በገንዘብ እንደተገዛ ይመዘግባል፤ የክፍያው ሳንቲሞችም ከ1,400 ዓመት በላይ በድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ ቆይተው ነበር።