መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው አስቀምጪው

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሎጂስቲክስ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከኤ ጀምረሽ አራት ወር ሙሉ ሸምድደሽ ዲ ላይ ደርሰሻል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ግን አፍሽ ተሳሰረ። «ጭንቅላቴ ቋንቋ አይቀበልም ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ኧረ ይቀበላል! ድሬ አድገሽ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እንደምትናገሪ ራስሽ ጽፈሻል። ሶማሊኛውን ማን አስሸመደደሽ? ቀፊራ ገበያ «ስንት ነው?»፣ «ቀንሺልኝ» ሲባል እየሰማሽ አባባሉን እንዳለ ነው ያነሳሽው። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው ያዢው።

መዝገበ ቃላት የሚደረደረው በፊደል ነው እንጂ በጥቅም አይደለም። «አባከስ» (የድሮ መቁጠሪያ) ከ«አስክ» (መጠየቅ) ቀድሞ ይመጣል። አንቺ ደግሞ የሚያስፈልግሽ «አስክ» ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የተዘውታሪ ቃላት ዝርዝር 2,000 ያህል ቃላት ነበሩት። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኒው ጀነራል ሰርቪስ ሊስት» ደግሞ 2,800 ገደማ አለው። አዘጋጆቹ እንደሚሉት፣ እነዚህ ብቻ ከአብዛኛው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 92 በመቶውን ይሸፍናሉ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ፤ ከእሱ ጀምሪ።

እኛን በብዛት የሚጥለን ግን የቃሉ ጓደኛ፣ ማለትም አብሮት የሚሄደው ቃል ነው። እኛ ስህተት «እንሠራለን»፤ እነሱ «ሜክ» ነው የሚሉት፣ «ወርክ» አይሉም። እኛ ፎቶ እናነሳለን፤ እነሱ «ቴክ» ይላሉ። እኛን ጉንፋን ይይዘናል፤ እነሱ ጉንፋኑን ይይዙታል፣ «ካች ኤ ኮልድ»። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ «ሚስቴክ ማለት ስህተት» ብለሽ አትለፊ። «አይ ሜድ ኤ ሚስቴክ» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ።

ደረቅ ወደቡ ወይም ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ብትቀጠሪ ኢሜይል መጻፍሽ አይቀርም። «ፕሊዝ ፋይንድ አታችድ»፣ «ኩድ ዩ ፕሊዝ ኮንፈርም»፣ «ዊ አፖሎጃይዝ ፎር ዘ ዲሌይ» (ስለ መዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን)። ከጅቡቲ የሚጠበቅ ኮንቴነር ሲዘገይ የመጨረሻዋ ታስፈልግሻለች፤ ዛሬውኑ በቃልሽ ያዢያት።

በቀን አምስት አባባል ይበቃል። በነጋታው፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ እንግሊዝኛውን ሸፍነሽ ከአማርኛው ተነስተሽ በይው። ድምፅሽን አውጪ። ሙቀቱ በረድ ሲል ከጓደኛሽ ጋር ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር እየተራመዳችሁ ብትጠያየቁ ደስ ይለኛል። አነጋገርሽ የፈረንጅ ባይመስል ግድ የለም፣ የተባለው ይሰማ እንጂ።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» በሚቀጥለውም ቃለ መጠይቅ ይመጣል። አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጂለት። የመጀመሪያውን «አይ ግራጁዌትድ ፍሮም» ብለሽ ክፈቺ፤ «ፍሮም»ን እንዳትረሺ። ስልክሽ ላይ ቅጂና ላኪልኝ፣ አዳምጬ እመልስልሻለሁ።