በ63 ዓመቴ የጀመርኩት በገና ከጸሎት ይቆጠርልኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው ጅማ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጠዋት ስነሣ ለምን እንደተነሣሁ እንኳ ይጠፋኝ ነበር። አምና በ63 ዓመቴ በገና መማር ጀመርኩ። በየቀኑ አንድ ሰዓት እለማመዳለሁ። አሁን እስኪነጋ ነው የምቸኩለው። ጓደኞቼ ግን «በዚህ ዕድሜሽ፣ ያውም ሴት ሆነሽ! ዳዊትሽን ደግመሽ አትቀመጪም?» ይሉኛል። ጣቶቼም ቶሎ አይታዘዙልኝም። ልተወው? ሁዳዴ ሲያልፍስ ማስቀመጥ አለብኝ?

መልስ፦ እናቴ፣ አይተዉት።

ጓደኞችዎ ዳዊት ድገሚ ካሉ ዳዊቱን እንክፈተው። መዝሙር 91ን ያውጡ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 92 ነው። መጀመሪያው ላይ የእግዚአብሔርን ምሕረት በማለዳ መናገር መልካም ነው ይላል። በምን? አሥር አውታር ባለው በገና። ወደ መጨረሻው ሲወርዱ ደግሞ በእግዚአብሔር ቤት የተተከሉ ሰዎች በሽምግልናቸውም እንደሚያፈሩ ይነግርዎታል። በገናውና ሽምግልናው አንድ መዝሙር ውስጥ ናቸው። ይህን መዝሙር ስንት ዓመት ስደግመው ኖሬ ሁለቱን አያይዤ ያየሁት የእርስዎን ጥያቄ ሳነብ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሴት መሆንዎን ላነሡት ደግሞ፣ እቴጌ ጣይቱም በገና ይደረድሩ እንደነበር ይንገሯቸው።

ከጸሎት ይቆጠራል ወይ ላሉት ግን ሳልሸፋፍን ልመልስ። በገናው የዘወትር ጸሎትዎን አይተካም። ቅዳሴንም አይተካም። እሑድ ጠዋት ቤት ቁጭ ብለው ቢደረድሩ አልስማማም። አንዱን ጣት ደጋግመው ሲያለማምዱም ያ ልምምድ ነው እንጂ ጸሎት አይደለም። ቃሉን ከልብ እያሉ ሲደረድሩ ያን ጊዜ ይጸልያሉ። ልምምዱን ግን አይናቁት፤ ወደዚያ የሚያደርስዎት እሱ ነው። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባህ ብሎት ጥሎ ሲሄድ ዛፍ ሥር አረፈ። አንዲት ትል ዛፉን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ እንደገና ስትወጣ አየ። መጨረሻ ላይ ደረሰች። እሱም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ያን ያህል ዜማ ያወረሰን አባት መጀመሪያ ላይ እንደ እርስዎ ነበር የተቸገረው።

ስለ ጣቶችዎ ብዙ አይጨነቁ። በገና እርጋታ እንጂ ፍጥነት አይፈልግም። ከአሥሩ አውታር ሁሉም አይመታም፤ ጣት የሚያርፍባቸው አሉ። ካመመዎት ግን ለዚያ ቀን ያቁሙ፤ ግማሽ ሰዓትም ይበቃል። ሕመሙ ከቀጠለ ሐኪም ይየው።

የጅማን ዝናብ ደግሞ ያውቁታል። አውታሩ የበግ አንጀት ነው። እርጥበቱ ሲለዋወጥበት ቅኝቱ ይሸሻል። ትናንት አሳምረው የቃኙትን ዛሬ ጠዋት ሌላ ሆኖ ያገኙታል። ተስፋ አይቁረጡ፤ እንደገና ይቃኙት። የእኛም ልብ እንዲሁ ነው። ማታ ጸልየን ተኝተን ጠዋት ሌላ ሰው ሆነን እንነሣለን። ለምን እንደተነሣሁ ይጠፋኝ ነበር ያሉት ነገር ልቤን ነክቶታል። ነቢዪት ሐናን አስቧት። ባሏ ከሞተባት በኋላ ቀኗን የሞላችው በጾምና በጸሎት ነበር፤ ከቤተ መቅደስም አትለይም ነበር። ሕፃኑን ጌታ ያየችው በዚያ ዕድሜዋ፣ እዚያው በየቀኑ በምትገኝበት ቦታ ነው።

ሁዳዴን በተመለከተ፣ በ55ቱ ቀን በገና የሚበዛው ዘፈን ስለሚቆም ነው። በሌላው ጊዜ ለምስጋና መደርደር አልተከለከለም። ለማንኛውም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ሰዓቱን ግን ማለዳ ያድርጉት። ጅማ ላይ እኛ ለኪዳን ስንነሣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለሶላት ተነሥተዋል። በገናም ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንንም አይረብሽም።

ደግሞም አስተማሪ ነበሩ። አንድ መዝሙር አስተካክለው ሲይዙ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንዷን ይጥሯትና አጠገብዎ ያስቀምጧት። የበገናውን ትምህርት እስኪጨርሱ አይጠብቁ፤ አብራችሁ ተሳሳቱ።

ነገ ጠዋት አውታሩን ከመንካትዎ በፊት ለባለቤትዎ ነፍስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ። ከዚያ ይቃኙ።