«ግፊትሽን ተለካሽ ወይ?»

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ከደባርቅ ወዲያ፣ ጃናሞራ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ላይ ደወልኩላት። «ራሴን ይወቅረኛል፤ ዓይኔም ብዥ ይልብኛል» አለችኝ። ፊቷና እጇም አብጦ ነበር። «አይዞሽ፣ ድካም ነው» አልኳት። ለአራስነቷ ብር ላክሁላት። በሳምንቱ ጣላት፤ አንዘፈዘፋት። ቤተሰቡ ዛር ነው ብሎ ጠበል ወሰዳት። ጎንደር ሆስፒታል ስትደርስ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የላክሁት ብር ለተዝካሯ ዋለ።

ያኔ ውጭ አገር ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ደም ብዛት የሽማግሌ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ስልክ ላይ የነገረችኝ ሁሉ ምልክቱ ነበር።

በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ይመጣል። የደም ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ከራስ ምታቱና ከብዥታው ሌላ፣ ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ምልክት ነው። ሲብስ ያንቀጠቅጣል፤ ኤክላምፕሲያ የሚባለው ያኔ ነው። ክፋቱ፣ አንዳንዷ ምንም ሳይሰማት ግፊቷ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም። መንቀጥቀጡን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል የቆየ መድኃኒት ነው። በ33 አገሮች ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለዚህ ሕመም ይበልጥ ለተጋለጠች እናት ደግሞ ሐኪም አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ቀደም ብሎ ሊያዝላት ይችላል።

ውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እናቶችን ለመርዳት ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት አገር ቤት ደውሉ። ነፍሰ ጡር ዘመድ ካለቻችሁ «እንዴት ነሽ፣ ምን ልላክልሽ» ብቻ አትበሏት። «ግፊትሽን ተለካሽ ወይ? ስንት አሉሽ? ሽንትሽንስ አዩልሽ?» በሏት። የቤተሰቡን የንስሐ አባትም አነጋግሯቸው። እኔ በጠበል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጠበልን አልነቅፍም። ግን ጎንደር ውስጥ አባ «መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ጠበሉ» ካሉ፣ የኛ አሥር ስልክ ያላደረገውን ያደርጋሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ብሩ። እኛ እዚህ ያለን ማዋጣት ስንጀምር የመጀመሪያ ስህተታችን ሻንጣ መሙላት ነበር። መድኃኒት በሻንጣ አትላኩ። ወደ አገር የሚገባ መድኃኒት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ሸክም ነው። ትልልቅ ማሽንም አያጓጓችሁ፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ካልተገኘ ጥግ ላይ ይቀመጣል። እኛ ኋላ የያዝነው መንገድ ቀላል ነው። አንድ ጤና ጣቢያ መረጥን። አዋላጅ ነርሷን «ምን ጎደለሽ?» አልናት። የደም ግፊት መለኪያ፣ ወፍራም ክንድ የሚይዝ ጭምር፣ ባትሪና የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ አለችን። እኔ ብሆን አልገምተውም ነበር። ያንን ብቻ እዚያው አገር ውስጥ አስገዛን።

የእናቶች ማቆያንም አትርሱ። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ምጧ ሳይመጣ ጤና ጣቢያ ቀርባ የምትቆይበት ቤት ነው። በሰላም እጦት መንገድ ሲዘጋ፣ አምቡላንስም ነዳጅ ሲያጣ፣ አስቀድሞ መቅረብ ነፍስ ያድናል። ግን ፍራሽ፣ ዱቄትና ማገዶ ከሌለ ማን ይቆያል? ለዚህ የሚዋጣ ብር ከየትኛውም ማሽን ይበልጥብኛል።

መዋጮውን ለሰው ስታስተዋውቁ የታመመች እናት ፎቶ አትለጥፉ። የግዢ ደረሰኙን ለጥፉ። የሚያዋጣው ሰው የሚያምነው እሱን ነው፤ የእህታችንም ክብር ይጠበቃል።

ጊዜው ግንቦት ቢሆን ጥሩ ነው። ግንቦት 1 ልደታ ናት፤ ያለንበት አገር ሁሉ ንፍሮ ቀቅለን እንሰበሰባለን። ግንቦት 14 ደግሞ በፈረንጆቹ ሜይ 22፣ የዓለም የፕሪኤክላምፕሲያ ቀን ነው። ልደታ ላይ ተነጋግራችሁ እስከ 14 ብታዋጡ ሁለት ሳምንት አላችሁ። ለጥምቀት ጎንደር የምትገቡ ደግሞ፣ ከፋሲል መዋኛ ስትመለሱ የረዳችሁትን ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ እዩ።

ከወለደች በኋላም መጠየቃችሁን አታቁሙ። ይህ በሽታ ከወሊድ በኋላም፣ አንዳንዴ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊነሣ ይችላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ፣ ገንፎው ተበልቶ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ራሷን ካመማት፣ ያንኑ ጥያቄ ጠይቋት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ።