ፖስተሩን በካውያ እንዳትነካው፦ ስለ ታጠፈው የፊልም ፖስተር ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የ1950ዎቹ የአሜሪካ ፊልም ፖስተር ገዝተሃል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎሃል። አንተን ያሳሰበህ ግን የመታጠፊያው መስመር ነው። በካውያ ተኩሼ ላሚኔት ላስደርገው ወይ ብለሃል። መሰብሰቡን ከምን ልጀምር የሚልም አክለህበታል።

እባክህ ካውያውንም ላሚኔቱንም ተወው። እኔ በዚህ ነገር የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። መሰብሰብ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ፖስተር ለፍሬም ሠሪ ሰጥቼ «አሳምርልኝ» አልኩት። በሙቀት ካርቶን ላይ ለጥፎ፣ ከላይ ፕላስቲክ አልብሶ መለሰልኝ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቼ ላላቅቀው ስሞክር የጥጉ ቀለም ከፕላስቲኩ ጋር ተልጦ መጣ። እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

ወደ መታጠፊያው ልመለስ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እስከ 1980ዎቹ ድረስ አብዛኛው የአሜሪካ ፖስተር ወደ ሲኒማ ቤት የሚላከው ታጥፎ ነው። ሦስት መስመር በአግድም፣ አንድ በቁም። ሲዘረጋ ስምንት ክፍል ይወጣዋል። ስለዚህ መስመሩን ሳይ እኔ ደስ ይለኛል። ምንም እጥፋት የሌለበት የዚያ ዘመን ፖስተር ሲያጋጥመኝ ነው ይበልጥ የምጠራጠረው።

ቀጥሎ ለካው። የዚያን ጊዜው ዋናው መጠን 27 በ41 ኢንች ነው፤ 69 በ104 ሳንቲሜትር ገደማ። 27 በ40 የተለመደው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። 24 በ36 ከሆነ ደግሞ ለገበያ የታተመ ቅጂ የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። ከዚያ የታችኛውን ቀኝ ጥግ እይ። ከ1940 ጀምሮ ለብዙዎቹ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ፖስተር ያከፋፍል የነበረው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ቁጥር ያሳትም ነበር። በ54 ከጀመረና እዝባር ካስከተለ የ1954 ፊልም ነው። ከፊቱ «አር» የምትባለው የላቲን ፊደል ካለች ፊልሙ ዳግም ለእይታ ሲቀርብ የታተመ ነው ማለት ነው። እሱም እውነተኛ ፖስተር ነው፤ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል። ሻጩ ይህን ሳይነግርህ የመጀመሪያውን እትም ዋጋ ከጠየቀህ አትስማማ።

ከሁሉም በላይ የማምነው ማጉያ መነጽር ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃሃል። ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ብታይ አትደንግጥ፤ በኦፍሴት (በተለመደው የማተሚያ ቤት ዘዴ) የታተመ ኦሪጅናልም ነጠብጣብ አለው። አንተ ፊደሎቹን እይ፤ ከግርጌ በደቃቁ የተደረደሩትን የተዋንያንና የባለሙያዎች ስም። ኦሪጅናል ከሆነ የጥቁሩ ፊደል ቀለም ድፍን ነው፣ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው። ከሌላ ፖስተር ላይ ፎቶ ተነስቶ የታተመ ከሆነ ግን ፊደሉ ራሱ የነጠብጣብ ስብስብ ሆኖ ጠርዙ ይደበዝዛል። አንድ ጊዜ እጅግ የሚያምር ፖስተር ቀረበልኝ። መታጠፊያው ነጣ ብሎ ይታያል። ጣቴን ባሳልፍበት ወረቀቱ ልሙጥ ነው። ለካ የመታጠፊያው መስመር አብሮ የታተመ ምስል ነው! ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ብቻ አላምንም፤ እዳስሳለሁ፣ ገልብጬም ጀርባውን አያለሁ። ያረጀ ወረቀት ከጀርባውም ያረጀ መሆን አለበት።

የፒን ቀዳዳና ትንሽ የጠርዝ ቅዳጅም አያስከፋህ። እነዚህ ፖስተሮች ለተመልካች የሚሸጡ አልነበሩም። አንዱ ሲኒማ ቤት ተጠቅሞባቸው ወደ ሌላው ያልፋሉ፣ ሌላ ፖስተር ይለጠፍባቸዋል፣ በመጨረሻም ይጣላሉ። የ1932ቱ «ዘ ማሚ» የተባለው አስፈሪ ፊልም ፖስተር በ1997 በጨረታ ከ450 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣው ከዚህ ሁሉ የተረፈው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ነው።

ከምን ልጀምር ላልከው፣ እኔ ብሆን ከሎቢ ካርድ እጀምራለሁ። በሲኒማ ቤቱ መግቢያ አዳራሽ የሚደረደሩት 11 በ14 ኢንች የሆኑ ጠንካራ ካርዶች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ስምንት ሆነው ይታተማሉ፤ አንዱ የፊልሙን ርዕስ ጎላ አድርጎ የያዘ ነው። ነጠላ በነጠላ ይሸጣሉ፣ ቦታ አይፈጁም፣ እጅህም ወረቀት ይለምዳል። በተረፈ ፕሬስቡክ ካገኘህ አታሳልፈው። ስቱዲዮው ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች የሚልከው የማስታወቂያ መመሪያ ነው። ለፊልሙ የተዘጋጁት ፖስተሮችና ካርዶች በየመጠናቸው ከነምስላቸው እዚያ ውስጥ አሉ። አንድ ፕሬስቡክ ከስንት ክርክር አድኖኛል። ብቻ ስትገዛ ገጾቹን ቁጠር፤ ለጋዜጣ ማስታወቂያ እየተቆረጡ ስለነበር ብዙዎቹ ጎዶሎ ናቸው።

ፖስተርህን ለጊዜው አሲድ በሌለው ወረቀት መሀል ዘርጋው፣ ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ። ስኮች እንዳይነካው። መስመሩ አሁንም ካስጨነቀህ በወረቀት ጥገና የሠለጠነ ባለሙያ በስንዴ ሙጫ ሸራ ላይ ሊለጥፍልህ ይችላል፤ ያ ሥራ በውኃ ስለሚለቅ መመለሻ አለው። ከዚያ በፊት ግን የታችኛውን ቀኝ ጥግ፣ ጀርባውንና የግርጌውን ጽሑፍ በቅርብ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን፤ አብረን እንየው።