የእንግዳው ጨጓራ

ባለፈው ሰሞን በኮምቦልቻ አካባቢ የምትሠራ አንዲት ወጣት ነርስ ስልክ ደወለችልኝ። ከውጭ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞችን ይዛ በየገጠሩ እየዞረች እንድታስተረጉም መመደቧን ከነገረችኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት ያቀረበችውን እንግዳው አልቀምስም ቢል እኔ ምን ብዬ ልተርጉም?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ያለውን ነዋ!» ብዬ መለስኩላትና ስለ ሌላ ነገር ተጫውተን ስልኩን ዘጋን። መልሱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር ነጋ፤ በዚያው ጥያቄ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተፈትኜ ወድቄያለሁና። ይህን ደብዳቤ ለእርሷም፣ እንደ እርሷ በሁለት ቋንቋ መካከል ለምትቆሙ ወጣት ባለሙያዎችም የምጽፈው ስለዚህ ነው። ሰዓት ስለ ማክበር፣ እጅ ስለ መታጠብና የታካሚን ምሥጢር ስለ መጠበቅ ግን አልጽፍም፤ ይህን ለማወቅ የእኔን ደብዳቤ የሚጠብቅ ካለ ሙያውን ቢለውጥ ይሻለዋል።

ነገሩ የሆነው በ2000 ዓ.ም. ነው። በደሴ ከተማ በጤና መኮንንነት እሠራ ነበር፤ ሕዝቡ ግን እንደ ልማዱ «ዶክተር» ይለኝ ነበር፣ እኔም አላርምም ነበር። መራመድ ለማይችሉ ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለማደል አሜሪካዊ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ ተመደብኩላቸው። ሁለቱም ስድሳ አምስትን የተሻገሩ ነበሩ። ባልየው አይዳሆ በሚባለው ግዛት የወተት ላሞች ሲያረቡ፣ ሚስትየው ሕፃናት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሃይማኖታቸው በተለምዶ ሞርሞን የሚባለው ነው፤ በራሳቸው አጠራር የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ ዋና መቀመጫው በዩታ ግዛት ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ባልና ሚስት፣ ወጪያቸውን ከራሳቸው ኪስ እየሸፈኑ፣ ቤታቸውን ዘግተው ለአገልግሎት ወደ ሌላ አገር መሄዳቸው የተለመደ ነው። የእነዚህ አገልግሎት የ18 ወር ነበር። ሥራቸው ርዳታ እንጂ ስብከት አልነበረም።

በደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ ያደርጉ ነበር። በባልየው ሰሌዳ ላይ ከስማቸው በፊት «ኤልደር» የሚል ተጽፏል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰብኩ የ19 ዓመት ወንዶች ልጆችም ይህንኑ ማዕረግ እንደሚይዙ ሲነግሩኝ፣ በእኛ በወሎ ሽማግሌ የሚባለው ደም ያደረቀ፣ የተጣላ ያስታረቀ ሰው ነው ብዬ ሳቅሁባቸው። በኋላ ግን እነዚያ ልጆች ለሁለት ዓመት ከቤታቸው ተለይተው፣ ወላጆቻቸውን በስልክ የሚያገኙት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን ስሰማ ሳቄን ዋጥኩት። ዛሬ ከደሴ እስከ ወረኢሉ ባለው መንገድ ኔትዎርክ ሲጠፋ ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ወጣት ባልደረቦቼን ሳይ እነዚያ ልጆች ይታወሱኛል።

ከባልና ሚስቱ ጋር ዘጠኝ ቀን ሰንብቻለሁ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው መጽሐፍ ቅዱስንና መጽሐፈ ሞርሞንን ተራ በተራ ጮክ እያሉ ያነብባሉ፣ ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ ከእንግዳ ማረፊያው ስስ ግድግዳ ማዶ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። ሰላጣውን ሚስትየው በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ይዘፈዝፋሉ፤ ባልየው ነጭ ሸሚዛቸውን በሳፋ አጥበው ማታ ያሰጡና ጠዋት ሳይደርቅ ይለብሱታል፤ የደሴ ብርድ በጦሳ በኩል እየነፈሰ ምን ሊደርቅ! ቀን ቀን የታካሚውን የዳሌ ስፋትና የጭን ርዝመት ለክተው በደብተር ይመዘግባሉ። ያለ ልክ የተሰጠ ወንበር ቁስል እንደሚያመጣ ለእኛ ለባለሙያዎቹ ያስተማሩን እኒያ ላም አርቢ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን ወንበር ማለት ወንበር ነው ብለን እናምን ነበር። አንድ ቀን ባልየው መፍቻ ጠፋባቸውና ሚስትየው እንደ ተማሪ ሲቆጧቸው ዋሉ፤ ማታ መፍቻው ከእርሳቸው ከራሳቸው ቦርሳ ሲገኝ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አሥራ አንድ የልጅ ልጆች ነበሯቸው፤ አሥራ ሁለተኛው የተወለደው ደሴ ሳሉ ነው፤ ፎቶግራፉ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ስክሪን ላይ ከፀጉሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ እስኪወርድ ድረስ ሁለቱ አዛውንት ተቃቅፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው ጠበቁ።

እሑድ አይሠሩም፣ አይገበያዩም። ዳቦ ቆርሰው በወይን ፈንታ ውሃ ይጎነጫሉ፤ ቁርባናቸው ይህ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ማዕድ ይጾሙና የማዕዱን ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ። እኔ የዓመቱን እኩሌታ የምጾም ክርስቲያን ነኝና ሁለት ማዕድ ምን ጾም ይባላል ብዬ በልቤ ናቅሁት። አልኮል፣ ትምባሆ፣ ሻይና ቡና ክልክላቸው ነው፤ ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ የመጣ መሆኑንም ነግረውኛል። ስለዚህ ኋላ በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ለሆነው ነገር አላውቅም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም።

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በሕፃንነቱ ፖሊዮ የያዘው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ወንበሩን አስተካክለን ስናስቀምጠው አያቱ ወደ ቤት ካልገባችሁ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ተቆልቶ በየተራ አሽትተናል፤ አያትየዋ ዱአቸውን አድርሰው የመጀመሪያውን ስኒ በሁለት እጃቸው ይዘው «ጀባ» ብለው ለባልየው ዘረጉ። ባልየውም እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩና እንዲህ አሉኝ፦ «ክብር እንደተሰማን ንገርልኝ። ቡና የማንጠጣው በእምነታችን ምክንያት እንደሆነ ንገርልኝ። ደግሞ በረሃቡ ዘመን እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር ስለዚህች አገር እንደጾምን ንገርልኝ፤ በዚያን ጊዜ እርሳቸው የት እንደነበሩ ብትጠይቅልኝ ደስ ይለኛል።»

አያትየዋ ስኒውን እንደዘረጉ ናቸው። በወሎ የቡና ስኒ ከእጅ ላይ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላብራራም። በዚያ ላይ ወንበር ሰጥቶ ወዲያው የእምነት ነገር ማንሣት ስብከት ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ፤ የሚሉት ነገርም ረዘመብኝ። ሌላም አለ፦ ሰዎቹን ብወድዳቸውም ሃይማኖታቸውን አላከብረውም ነበርና የእነርሱን ጾም በዚያ ቤት ውስጥ በእኔ አፍ መናገር አሳፈረኝ። ስለዚህ ወደ አያትየዋ ዞሬ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉላቸው፤ ጨጓራ አለባቸው፣ ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ሚስታቸውም ለእርሳቸው ሲሉ ትተውታል» አልኩ።

አያትየዋ ስኒውን አስቀመጡ። ሚስትየውን ከእግር እስከ ራሳቸው ተመልክተው «ይቺማ ሚስት ናት» አሉ። ከዚያም ወደ ባልየው ጠጋ ብለው፣ መዳፋቸውን በገዛ ሆዳቸው ላይ አሳርፈው፣ «አብሽር፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ አላህ ያሽርዎት» አሉ፤ ዐይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር። ባልየው የተነገረው የረሃቡ ነገር መስሏቸዋል። አሮጊቷ ሆዳቸውን ሲይዙ የዚያን ዘመን ረሃብ የሚያሳዩ መሰላቸውና፣ ላም ሲያልቡ በኖሩት ትላልቅ እጆቻቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። አያትየዋም እንግዳው ሕመሙ የተነሣበት መስሏቸው «ውሃ! ውሃ አምጡ!» እያሉ ተነሡ። ሁለቱም ለየቅል ነገር እየተላቀሱ እኔ በመካከላቸው አቦሌን እጠጣለሁ። ያን ጊዜ እንኳ ማቃናት ይቻል ነበር።

ወደ ደሴ ስንመለስ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ባልየው ያንኑ ሲያወሩ ነበር። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1985 እሑድ ነው አሉኝ፤ በልቤ ወደ እኛ ቀመር መልሼ ቆጠርኩት፤ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ለአስተርዮ ማርያም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በአሜሪካና በካናዳ ያሉት ምእመኖቻቸው በዚያ ቀን ጾመው፣ ያልበሉትን የሁለት ማዕድ ዋጋ አዋጥተው፣ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። ከቤተ ክርስቲያናቸው ውጭ ላሉ ሰዎች የሚሠሩት የተደራጀ የርዳታ ሥራም የሚጀምረው ከዚያ ጾም እንደሆነ ነገሩኝ፤ እንግዲህ የልጁ ወንበር ሥሩ ከወሎ ረሃብ ነው ማለት ነው። ባልየው በዚያ ቀን ትንሿ ልጃቸው ራበኝ ብላ ስታለቅስ ላም በረት ውስጥ ወስደው እንዳባበሏት አጫወቱኝ። ከዚያም «ሁሉንም ነገርክልኝ አይደል?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው።

ከወጣት አስተርጓሚዎች ጋር ስገናኝ «ነገሩን ለማለዘብ ነው» የሚል ቃል ደጋግሜ እሰማለሁ። የዛሬ ልጆች ከእኛ የተሻለ እንግሊዝኛ ትናገራላችሁ፤ ነገር ግን ጸጥታ አትችሉም፤ ሁለት ሰዎች ተፋጥጠው ዝም ካሉ አንድ ነገር ካልጨመራችሁ የሞታችሁ ይመስላችኋል። እኔን ምሳሌ ማድረግ እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ጸጥታ መቻል ቢያቅተኝ አይደለም የዋሸሁት፣ ንቀት ነው። ደግሞም ሁልጊዜ ቃል በቃል መተርጎም አለበት ብል ራሴን እቃወማለሁ፤ ክፉ ምርመራ ሲነገር ቃሉን መርጬ ዘመድ አስቀምጬ የነገርኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፣ በእነርሱም አልጸጸትም። ይሁንና የቃል ምርጫ አንድ ነገር ነው፣ የሌለ ጨጓራ መፍጠር ሌላ ነው። አያትየዋ እንግዳ ሃይማኖቱ ከለከለው ሲባሉ የማይረዱ ሴት አልነበሩም። ስንት ጊዜ ክርስቲያኖች በጾም ወራት ቤታቸው ገብተው በዘይት የተሠራ ቀርቦላቸዋል! ያንን ክብር የነፈግኳቸው እኔ ነኝ።

ባልና ሚስቱ ጊዜያቸውን ጨርሰው አገራቸው ገቡ። እኔም ሄጄ ለአያትየዋ እነግራለሁ እያልኩ፣ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ሩቅ ሆኖብኝ፣ አራት ዓመት አለፈ። በክትባት ዘመቻ ወደዚያው መንደር ስሄድ ግን ከዘመቻው በኋላ ቤቱን ፈልጌ አገኘሁት። አያትየዋ በዓመቱ ሞተዋል። የልጁ እናት አስገብታ አስቀመጠችኝ፤ ልጁ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሞባይል ካርድ ለመሸጥ ወደ ከተማ ወርዷል። እናቷን እያነሣች፣ በሰባ ሰባት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ባቲ መጠለያ ወርደው ከእርሷ ጋር ብቻ እንደተመለሱ ነገረችኝ። የጥር 19ን ነገር ላነሣላት አፌን ከፈትኩ።

እርሷ ቀደመችኝ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ በየሐሙሱ በወዳጃው ዱአ ላይ የዚያን ፈረንጅ ጨጓራ ሳታነሣ ቀርታ አታውቅም» አለች። «ቡና ባይሆንለት ወተት ነበረኝ እኮ፣ ደንግጬ ረሳሁት እያለች ስትቆጭ ነበር። ለመሆኑ ዶክተር፣ ሰውየው ዳኑ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ድነዋል» አልኳት።

ፊቷ በራና አቦሉን ቀዳችልኝ።