ተረት ቀይሬ ብተርክ ጥፋት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ማታ ተረት ካልሰማች አትተኛም። ባለፈው የባለ ቀይ ኮፍያዋን ልጅ አነበብኩላት። ተኩላው ሲውጣት፣ አዳኙ ደርሶ ሆዱን ቀዶ ሲያወጣት ዝም ብላ ሰማችና «እሷ ግን ምንም አላደረገችም?» አለችኝ። በማግስቱ ልጅቷ ራሷ እንዳመለጠች አድርጌ ተረኩላት። አማቴ ሰሙና «ተረት እንደተወረሰ ነው የሚነገረው፣ ልጅቷን ታበላሻታለሽ» ብለው ተቆጡኝ። አጥፍቻለሁ?

መልስ፦ ኧረ አላጠፋሽም እህቴ! እንደውም ሳታውቂው ወደ ድሮው ተረት ሳትጠጊ አልቀረሽም።

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ላይ አዳኝ የሚባል ሰው የለም። ተኩላው ይበላታል፣ አለቀ። ከሥሩ ደግሞ ቆነጃጅት ያገኙትን ሁሉ እንዳይሰሙ የሚመክር ግጥም አለ። በላተኛው ተኩላ ሆኖ ሳለ ተመካሪዋ እሷ ሆነች፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በ1812 በወጣው የጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች፣ የግሪም ወንድማማቾች፣ መጽሐፍ ደግሞ አዳኙ ገብቶ ያወጣታል።

በፈረንሳይ ገጠር በቃል ሲነገር የኖረው ግን ሌላ ነው፤ ብዙ አጥኚዎችም ከፔሮ ይቀድማል ይላሉ። ልጅቷ አልጋው ላይ ያለው አያቷ እንዳልሆነ ስትነቃ «ውጭ ልውጣ፣ ሆዴን ይዞኛል» ትላለች። ተኩላው እግሯ ላይ ገመድ አስሮ ይለቃታል። ግቢ ስትደርስ ገመዱን ፈትታ ፕሪም ዛፍ ላይ ታስረውና እግሬ አውጪኝ! ተኩላው ገመዱን ይዞ «አልጨረስሽም?» እያለ ይጣራል፣ መልስ የለም፤ ተከትሏት ሲሮጥ እሷ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታለች። ለልጅሽ ይህቺን ንገሪያት።

በ1979 እንግሊዛዊቷ ደራሲ አንጄላ ካርተር ይህንኑ ተረት ስትጽፈው ልጅቷ ተኩላው ፊት ትስቃለች እንጂ አትፈራም። አሁን አሁን ግን ሴቷን ሰይፍ አስይዞ «ቀየርኩት» ማለት በዝቷል። እሱ አይጥመኝም። ገመዱን የፈታችው በጭንቅላቷ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅም የምትይዘው ያንን ነው።

የእንጀራ እናትን ነገር ደግሞ አስተውይ። በ1812ቱ የግሪሞች መጽሐፍ ስኖው ዋይት የምትባለውን የተረት ልጅ ልታስገድል የምትፈልገው የገዛ እናቷ ናት። በ1819 ሲያሳትሙት እንጀራ እናት አደረጓት። ስለዚህ «እንደተወረሰ» የሚባለውም ተቀይሮ የመጣ ነው።

የኛው የአንበሳው ፀጉር ተረትስ? እዚያ እንጀራ እናቷ ናት ጀግናዋ። የባሏ ልጅ እንዲወዳት ብላ፣ በየቀኑ ሥጋ ይዛ ትንሽ ትንሽ እየቀረበች ከአንበሳው ላይ ፀጉር ትነቅላለች። አንዳንዱ ደግሞ ለባሏ ብላ ነው እያለ ይተርከዋል። አማትሽ የትኛውን እንደሚያውቁ ጠይቂያቸው፤ ዛሬ ማታ እሳቸው ይተርኩላት፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ ስሚ።