«ጫቱን እንቢ ካልኩ ናቀን ይሉኛል»

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን እኖራለሁ። ያደግሁት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በእምነታችን ጫት አይቃምም። ካገባሁ ወዲህ ግን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከባለቤቴ ወንድሞች ጋር በርጫ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ «ጨጓራዬን ያመኛል» እል ነበር። አሁን እቅማለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ራሴን እጠላለሁ። ባለቤቴ «ከቀረህ ናቀን ይላሉ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የድሬ ልጅ ነህና «አንተ» ብልህ አትቀየመኝም።

እስቲ የከተማችንን ሰርግ አስብ። ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይቀርባል። የሌላውን ሥጋ ያልበላ ሰው «ናቀን» አይባልም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። የአንተን ግን አያውቁትም። ጨጓራ ነው ብለሃቸዋል። ጨጓራ ደግሞ ይሻለዋል። ስለዚህ ቀንበጡን መዘርጋታቸው አክብረውህ ነው። እምነትህን ስላልነገርካቸው ሊያከብሩልህ አልቻሉም።

ደካማ ነኝ ብለህ አትደምድም። ሰለሞን አሽ የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎችን የመስመሮች ርዝመት አስገምቶ ነበር። ሌሎቹ የእሱ ተባባሪዎች ሆነው ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ይህን ከማያውቁት ከ4 ሰዎች 3ቱ ያህል ቢያንስ አንዴ ተከተሏቸው። ከመካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን የሚከተለው በጣም ቀነሰ። አንተ ያጣኸው ያንን አንድ ሰው ነው። እሷም ባለቤትህ ናት።

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ረጋ ባላችሁበት ምሽት አናግራት። ወንድሞቿ እንዳይርቋት ፈርታለች፤ መጀመሪያ ይህን ስማላት። ከዚያ «ወንድሞችሽን እወዳቸዋለሁ፤ አብሬያቸው መብላቴን አልተውም። ጫቱን ግን እምነቴ ስለማይፈቅድ ትቻለሁ» በላት። ለታላቅ ወንድሟ ቀድማ ብትነግረው ይቀልላችኋል።

የእሁዱ ጭንቀት ሁሉ የኅሊና ወቀሳ ነው ብለህም አታስብ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ይነሳል፤ ምርቃናው ሲለቅ ደግሞ ሰው ይደበታል። በዚያ ሰዓት በራስህ ላይ አትፍረድ።

ለጊዜው ምሳውን በልተህ፣ በርጫው ሳይጀመር ተነስ፤ ሐራራው እስኪለቅህ አጠገቡ ባትቀመጥ ይሻላል። በሌላ ቀን እናንተ ቤት ቡና ጥሯቸው። የሚተርብህ ካለ «እምነቴ ነው» ብለህ በፈገግታ እለፈው። እነሱን መስበክ ግን አትጀምር። የከለከልከው ራስህን ነው፤ ይህን ሲያዩ የተፈረደባቸው አይመስላቸውም።